ሐምሌ 6 ቀን 1977፦ ስለ ላይቭ ኤይድ ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው። የጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት፣ የሥላሴ ዋዜማ። እኛ አገር ከቀኑ 8 ሰዓት ሲል ለንደን እኩለ ቀን ነበርና ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ ስታተስ ኮ የሚባለው ባንድ ላይቭ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ተቀላቀለች፤ ሙዚቃው በእኛ ሰዓት እስከ እሑድ ንጋት ቀጠለ። 16 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ደግሞ የእኛው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው።

በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ቪዲዮዎቹ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይዞራሉ። ከሥራቸው የሚጻፈው ግን በስህተት የተሞላ ነው። ሌላ ኮንሰርት ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ይሄ ግን የራሳችን ሰዎች ያለቁበት ዘመን ታሪክ ስለሆነ አላስችል አለኝ።

«ማይክል ጃክሰን ላይቭ ኤይድ ላይ ዊ አር ዘ ወርልድን ዘፈነ»

አልዘፈነም። ማይክል በዚያ ቀን ለንደንም ፊላደልፊያም መድረክ ላይ አልነበረም። ዘፈኑ የተቀዳው ከአምስት ወር ተኩል በፊት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ምሽት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ዘፋኞቹ ለአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ከተማዋ ውስጥ ተሰብስበው ስለነበር ሽልማቱ እንዳለቀ ወደ ስቱዲዮ ሄዱ፣ ሌሊቱንም እዚያው አነጉት። ሐሳቡን ያመጣው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፤ ግጥምና ዜማው የማይክልና የላዮኔል ሪቺ፣ ሥራውን የመራው ደግሞ ኩዊንሲ ጆንስ። ሰው የሚያምታታው ፊላደልፊያ ላይ ኮንሰርቱ የተዘጋው በዚሁ ዘፈን ስለሆነ ይመስለኛል። ለንደን የተዘጋው ግን የላይቭ ኤይድ አዘጋጅ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በጻፉት፣ ባንድ ኤይድ የተባለው ለረሃቡ የተሰባሰበ የዘፋኞች ቡድን ኖቬምበር 25 ቀን 1984 በቀዳው የገና ዘፈን ነው። ሁለት ዘፈኖችና አንድ ኮንሰርት፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት።

«እንዲህ ያለ ኮንሰርት ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም»

በስፋቱ አዎ። በሐሳቡ ግን ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ኦገስት 1 ቀን 1971 ኒውዮርክ ላይ ለባንግላዴሽ አድርገውታል።

«ፍሬዲ ሜርኩሪ መሞቱን እያወቀ ነው የዘፈነው»

ይሄ የመጣው ፍሬዲ ስለሚዘፍንበት ባንድ፣ ስለ ኩዊን፣ በ2018 ከወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ለላይቭ ኤይድ ልምምድ ሲያደርጉ ኤችአይቪ እንዳለበት ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ እንዳለበት የታወቀው በ1987 እንደሆነ አብሮት የኖረው ሰው ጽፏል። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ ሲል እንደታረቀም ያሳያል። አልተበተኑም። ጃፓን ድረስ የዘለቀ የኮንሰርት ጉዟቸውን የጨረሱት ከላይቭ ኤይድ ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብለው፣ ሜይ ላይ ነበር።

ታዲያ ያ 21 ደቂቃ ለምን እንደዚያ ነደደ? ስለተዘጋጁ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት ተከራይተው፣ ሰዓት ይዘው፣ ታዋቂ ዘፈኖቻቸውን ቆርጠውና አሳጥረው ተለማመዱ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ገደማ ወጡ፤ አንድም ደቂቃ ሳያባክኑ ወረዱ። ለእኔ ይሄ ከፊልሙ ታሪክ የበለጠ ልብ ይነካል። አንድ ሰው፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ በሥራው ብቻ 72,000 ሰው እጁን እንዲያነሳ አደረገ።

«ጌልዶፍ በቴሌቪዥን ተሳድቦ ‹ገንዘባችሁን ስጡን› አለ»

ስድብ ወጥቶታል። ግን የተሰደበው አድራሻው ነው። የቢቢሲው አቅራቢ እርዳታ የሚላክበትን የፖስታ አድራሻ ሊያነብ ሲል ጌልዶፍ በቁጣ አቋረጠው፤ አድራሻውን ተወው፣ ስልክ ቁጥሩን ስጣቸው ነበር ነገሩ። ሰው ዛሬውኑ እንዲደውል ፈልጎ ነው። በሁሉም አፍ የሚዞረው አረፍተ ነገር ግን በዚያ መልኩ ከአፉ አልወጣም።

«ገንዘቡ በሙሉ መሣሪያ ተገዛበት»

ይሄን በጣም ብዙ ሰው ያምናል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ2010 የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ አንድ ዘገባ አቀረበ። የቀድሞ የሕወሓት ሰዎችን ጠቅሶ፣ በአማፂያኑ ሥር ወደነበሩ ቦታዎች የገባው የእርዳታ ገንዘብ አብዛኛው ለጦርነት ውሏል አለ። ዜናው ዓለምን ዞረ፣ ሰውም «የላይቭ ኤይድ ብር» ብሎ ያዘው። ባንድ ኤይድ አቤት አለ። ቢቢሲ የራሱን ዘገባ ካስመረመረ በኋላ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለመሣሪያ እንደዋለ ማስረጃ የለንም አለ። ዘገባውን የሰማ ሁሉ ይቅርታውን አልሰማም።

እንዲህ ስል በዚያ ዘመን ከእርዳታ እህል አንድም አልተነካም ማለቴ አይደለም። ጦርነት ነበር። እህል የያዘ ወገን ሕዝብ ይይዛል፤ ደርግም አማፂውም ይሄን ያውቁ ነበር። ግን «ተነክቷል» እና «በሙሉ መሣሪያ ተገዛበት» በጣም ይራራቃሉ። ደግሞ ገንዘቡ ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፣ ሱዳንን ጨምሮ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሄዷል።

«ረሃቡ የመጣው ዝናብ ስለጠፋ ነው»

ዝናቡ ጠፍቷል፣ ማን ይክዳል። ነገር ግን በጣም የተጎዱት ትግራይና ሰሜን ወሎ የጦርነት ቀጠና ነበሩ። መንገድ ተዘጋ፣ ገበያ ተቋረጠ፣ ገበሬው እህሉን መንግሥት በተመነው ዋጋ በኮታ እንዲያስገባ ይገደድ ነበር። ሰው በሚራብበት በዚያው መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አከበረች። ቀጥሎ ሰፈራ መጣ። አካሄዱን በይፋ የተቃወሙት የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዲሴምበር 1985 ከአገር ተባረሩ። የገናው ዘፈን ግን አፍሪካን ዝናብና ወንዝ የሌለው፣ ምንም የማይበቅልበት ምድር አድርጎ ነው የሚገልጻት። ገናስ ያውቁ ይሆን ብሎም ይጠይቃል። ዓባይ የሚነሣበት፣ ታኅሣሥ 29ን ከስንት መቶ ዓመት ጀምሮ የሚያከብር ሕዝብ ነው ይሄ የተጠየቀው። ዘፋኞቹ ክፉ አሰቡ አልልም። ከረሃቡ በፊት ስለ እኛ የሚያውቁት ትንሽ ነበር።

መድረኩም ላይ ያው ነው። አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልተጋበዘም። ያ ዘመን ደግሞ የእነ ጥላሁን ገሠሠ፣ የእነ ማሕሙድ አሕመድ ዘመን ነው! የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በዓመቱ፣ በ1986፣ ቤልጂየም ውስጥ በአልበም ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ያዘ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዌምብሌይ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት?

«ያቺ በፊልሙ ላይ ያለቀሱላት ሕፃን ሞታለች»

የመጨረሻው ይሄ ነው። ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ከድርሻው አንድ ዘፈን ተወና በሰዓቱ አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። ብዙ ሰው ፊልሙ ቢቢሲ ኮረም ላይ የቀረፀው ይመስለዋል። የኮረሙን በኦክቶበር 1984 የቀረፀው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው፤ እሱ በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የእኛው አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ፣ ነፍሱን ይማር። ዌምብሌይ ላይ የታየው ግን የካናዳው ሲቢሲ ፊልም ነበር። ትግራይ ውስጥ አንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ፣ ዓይኗ ሊከደን የደረሰ፣ ደቂቃዎች ቀርተዋታል የተባለላት። ከዚያ ፊልም በኋላ ስልኩ አልቆመም።

ልጅቷ ብርሃን ወልዱ ናት። አልሞተችም። ጁላይ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ላይቭ ኤይት የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅ ያው ፊልም እንደገና ታየ፣ ምስሉ ፊቷ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ራሷ ከመድረኩ ጀርባ ወጣች። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ዌምብሌይ ሞተች ብሎ ባለቀሰላት በዚያ ሐምሌ 6 ቀንም በሕይወት ነበረች።