የሲትኮም የቤት ጣጣ ምንድን ነው?

በሲትኮም፣ ማለትም ያው ሰዎች በየክፍሉ እየተመለሱ በሚያስቁበት የቴሌቪዥን ቀልድ ድራማ፣ የምናየው የቤት ጣጣ፣ እውነቱ ቢነገር በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ፣ ሰዎቹ ግን ያችን ደቂቃ ሲሸሹ ክፍሉን ሙሉ የሚባዝኑበት ትንሽ ችግር ነው። የተረሳ የጋብቻ በዓል፣ ከአማት የመጣና የተሰበረ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሚስት ሳትሰማ የተገዛ ቴሌቪዥን፣ «ያምርብሻል» ተብሎ የተዋሸበት የጸጉር ቁርጥ። ሞት፣ ፍቺና ክስረት ለልዩ ክፍል ብቅ ቢሉም የዘርፉ የዘወትር ቀለብ አይደሉም። ነገሩ ትንሽ ሲሆን ተመልካቹ ማንም እንደማይጎዳ አውቆ ይስቃል፤ የሚያስቀው ደግሞ ችግሩን ለመሸፈን የሚወጣው ጉልበት ነው። አንድ ይቅርታ ላለመጠየቅ ሲል በመስኮት የሚወጣ ባል ያስቃል፤ ይቅርታ የጠየቀ ባል ክፍሉን ጨረሰው።

በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ለሲትኮም የሚመደበው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ሲነሣ 22 ደቂቃ ገደማ ይተርፋል። በዚህ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ የምትወስድ መክፈቻ፣ በማስታወቂያ የሚለያዩ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ገቢሮች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም የማትበልጥ ጭራ ትገባለች። ጸሐፊዎች አብዝተው የሚጨነቁት ለመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ነው። ተመልካቹ በማስታወቂያው ሰዓት ጣቢያ እንዳይቀይር ጣጣው እዚያ ላይ በእጥፍ መክበድ አለበት።

አሠራሩ እንዲታይ አንድ ክፍል ከባዶ እንሥራ። ባል አዲስ ሙሽራ ሳለ ሚስቱ የሠራችውን ሾርባ «እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነ። ከዚያ ወዲህ 12 ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ያው ሾርባ ይቀርባል፤ ሲሰላ ከ600 ሳህን በላይ ነው። ሰውየው ሾርባውን አይወደውም።

መክፈቻው ላይ ሚስት ፊቷን ስታዞር ባል የራሱን ሳህን ከልጁ ባዶ ሳህን ጋር ሲለዋውጥ ይታያል። ንግግር እንኳ ብዙም አያስፈልግም። እስከ 6ኛው ደቂቃ ድረስ ጓደኛው መላ ይሰጠዋል፦ «ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አመሻለሁ በላት።» ይላታል። እሷም አዝናለት ሾርባውን በትልቅ ዕቃ ይዛ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ከች ትላለች። 11ኛው ደቂቃ ላይ አለቃው ቀምሶ ይወደዋል፤ ለቅዳሜው ግብዣ ለ40 ሰው እንድትሠራ ይለምናታል። ባል ፈገግ እንዳለ ይደርቃል። ማስታወቂያ።

ሁለተኛው ገቢር ሲከፈት ሚስት ሽንኩርት እየከተፈች ለእህቷ ታወራለች፦ «ሽታውን ራሱ አልችለውም። እሱ ስለሚወደው ብዬ እንጂ እኔማ አንድም ቀን ጥሞኝ አያውቅም።» ከዚህ በኋላ ተመልካቹ የሁለቱንም ምስጢር ያውቃል፤ እነሱ የየራሳቸውን ብቻ። አሁን ቀልድ መጻፍ ቀላል ይሆናል፤ «ትንሽ ልጨምርልህ?» የሚለው ተራ ጥያቄ ሳይቀር ያስቃል። 19ኛው ደቂቃ ላይ፣ አርብ ሌሊት፣ «ድስቱ ተገለበጠ» ለማለት ያሰቡት ሁለቱም ተደብቀው ሲመጡ ወጥ ቤት ውስጥ ይገጣጠማሉ። አንዱ የድስቱን አንድ ጆሮ፣ ሌላው ሌላውን እንደያዘ ሁሉም ይወጣል። ጭራዋ ላይ እንደገና ሐሙስ ነው። አዲስ ምግብ ቀርቧል፤ ሁለቱም ይቀምሳሉ፣ ይተያያሉ፣ «በጣም ይጣፍጣል!» ይላሉ እኩል።

ክፍሉ የተጀመረበት ቦታ ላይ መቆሙ ሆን ተብሎ ነው። ሲትኮሞች በመጀመሪያው ጣቢያቸው ከታዩ በኋላ ለሌሎች ጣቢያዎች ለድጋሚ ስርጭት ይሸጣሉ፤ ጣቢያዎቹም ሁልጊዜ በተራ ቁጥራቸው አያሳዩአቸውም ነበር። ባልና ሚስቱ በ3ኛው ክፍል የተለወጡ ሰዎች ከሆኑ 17ኛውን ቀድሞ ያየ ሰው ግራ ይጋባል።

በዚህ ግንባታ ቶሎ የሚሰበረው ሽሽቱ ነው። ተመልካቹ «ታዲያ ለምን አይነግራትም?» ብሎ ሲጠይቅ እያንዳንዱ ትዕይንት መልስ ሊኖረው ይገባል፤ መልሱም እየከበደ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ላይ እውነቱ የሚያስከፍለው ትንሽ ቅያሜ ነው። አለቃው ከገባበት በኋላ ሥራውንም ይነካል። ቅዳሜ ሲቃረብ ደግሞ መናዘዝ ማለት የ12 ዓመት ውሸትን መናዘዝ ነው። ሰነፍ ድርሰት ይህን ወጪ አያሳድግም፤ ባል «ልነግርሽ የምፈልገው…» ሲል በር ይንኳኳል። አንዴ ይታለፋል፣ ሁለቴ ሲደገም ግን ተመልካቹ ከበሩ ጀርባ ጸሐፊውን ያየዋል።

የውሸቱም ምክንያት ይመዘናል። የሾርባው ውሸት ላለማስቀየም የተነገረ ስለሆነ ከባልየው ጋር እንቆማለን፤ ገንዘብ ለመደበቅ ቢዋሽ ሳቁ ይጎመዝዛል። ንቀት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1955 እና 1956 (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ39 ክፍሎች የታየው የአሜሪካ ሲትኮም «ዘ ሃኒሙነርስ» ላይ የአውቶቡስ ሹፌሩ ራልፍ ቡጢውን እየሰበቀ በሚስቱ በአሊስ ላይ ይዝት ነበር። አንድም ቀን አይመታትም፤ አሊስም ቅንጣት አትፈራውም፣ የቀልዱ ሚዛንም ያ ነበር። የዛሬ ተመልካች ግን ዛቻውን ከቀልዱ ቀድሞ ይሰማዋል።

ሌላው ግዴታ ማንም በቀላሉ ጥሎ መሄድ እንዳይችል ማድረግ ነው። በ1971 በጀመረው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» አማችየው ገና ተማሪ ስለሆነ ከማይስማሙት አማቱ ከአርቺ ባንከር ቤት መውጣት አይችልም። ከ1996 እስከ 2005 በታየው «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» የባል ወላጆች የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ስለዚህ የሚደበቅ ነገር በተደበቀ ሰዓት ይጋለጣል። አድራሻው ራሱ ግማሽ ድርሰት ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩ የሚቀረጽበት ቤት አደረጃጀትም ከጣጣው ጋር የተያያዘ ነው። በ1951 የተጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ»፣ በካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ መሪነት፣ እውነተኛ ባልና ሚስት የነበሩትን ሉሲል ቦልንና ዴዚ አርናዝን በሦስት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራዎች በተመልካች ፊት ይቀርጻቸው ነበር። ይህ አሠራር ብዙ ነገር ወሰነ። ሶፋው ወደ ካሜራ ዞሯል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሰው የሚቀመጠው በሦስት ጎን ነው። በሮቹ ቢያንስ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጫ እንዲኖረው። ተዋናዩም ሳቁ እስኪበርድ ቀጣዩን ንግግር ይዞ ይጠብቃል። በአንድ ካሜራ የሚሠሩት ግን ሳቅ አይጠብቁም፤ ትዕይንታቸውም ይበዛል። በ2009 የጀመረው «ሞደርን ፋሚሊ» በዘጋቢ ፊልም መልክ ሲሠራ ባል ለሚስቱ አንድ ነገር፣ ለካሜራው ሌላ ነገር ይናገራል። ሽንኩርት እየተከተፈ ምስጢር የሚወራላት እህት ሳታስፈልግ ምስጢሩ ለተመልካች ደረሰ።

ከዋናው ጎን ለጎን የሚሄድ ደባል ታሪክም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹ ነው፣ ጥቂት ትዕይንቶች ይበቁታል። ጥሩ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ከዋናው ጋር ሲጋጭ ነው፦ በሾርባው ክፍል ልጅየው የሸሸገው የመንገድ ውሻ ያን ሁሉ ሳህን ሲጨርስ ከርሞ ከሆነ፣ ሁለቱ ታሪኮች ወጥ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን ሁሉ ከባድ አደረገው። ድሮ ባል ባቡር አምልጦት ቢዘገይ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ጥርጣሬ ይወለድ ነበር፤ ዛሬ አንድ መልእክት ያጠፋዋል። «ባትሪው አልቆ ነው» የሚለው ሰበብ በአንድ ሲዝን ከአንዴ በላይ አይሠራም። የሚሻለው ስልኩን ራሱን የጣጣው መነሻ ማድረግ ነው፦ ስለ አማት ለሚስት የተጻፈው መልእክት በስሕተት ለአማት ይላካል፣ የመነበቡ ምልክትም በ11ኛው ደቂቃ ይበራል።