«ጋዙን ጨምርበት» እና ሌሎች የሚግ ብየዳ ወሬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ሚግ ማሽን (ሽቦ በራሱ እየገፋ፣ በጋዝ እየከለለ የሚበይድ) ያለው ብረታ ብረት ቤት ገብቼ ይህን ሳልሰማ የወጣሁበት ቀን የለም። ብየዳው ቀዳዳ ያወጣል፣ አንዱ ከጀርባ «ጋዙን ጨምርበት!» ይላል። በቃ ሰለቸኝ።

ጋዙ ሥራው የቀለጠውን ብረት ከአየር መከለል ነው። ለዚህ ደግሞ ረጋ ብሎ መውረድ አለበት። ከልክ በላይ ሲከፈት ከኖዝሉ፣ ማለትም ከመበየጃው እጀታ አፍ፣ እየተበጠበጠ ይወጣል፤ ያባረረውን አየር ራሱ መልሶ ይስባል። ለ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ፣ ነፋስ በሌለበት ቤት፣ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል።

ታዲያ ቀዳዳው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከቬንትሌተሩ። የድሬን ሙቀት አውቀዋለሁ፣ አጥፉት አልልም። ግን ቀጥታ ብየዳው ላይ ሲነፍስ ጋዙን ጠርጎት ይሄዳል። ሳቢያን አካባቢ አንድ ልጅ የሠራው የግቢ በር ተመልሶበት ጠራኝ። ብየዳውን በግራይንደር ስንገልጠው ውስጡ የእንጀራ ዓይን መስሏል። ጋዙ 25 ላይ ነው፣ ቬንትሌተሩ ፊት ለፊት። ንፋሱ ጭሱን ብቻ እንዲወስድ ቬንትሌተሩን ራቅ አድርገን አዞርነው፤ ጋዙን 12 ላይ አወረድነው፤ ኖዝሉ ላይ የተጋገረውን የብረት ፍንጣሪ ጠረግን። ቀዳዳው ጠፋ። ልጁ ግን ሲሊንደሩ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሻጩ እየሰረቀው ይመስለው ነበር!

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ የቱቦውን መጋጠሚያዎች የሳሙና ውኃ ቀቧቸው። አረፋ ካወጣ ያፈሳል። ሲሊንደሩንም በሰንሰለት እሰሩት፣ ፀሐይ ላይም አታቁሙት። ውጭ የምትበይዱ ከሆነ በሸራ ከልሉ፤ ወይም ጋዝ የማይፈልገውን ሽቦ ተጠቀሙ።

እሱም የራሱ ወሬ አለው፤ «ሽቦውን መቀየር ብቻ ነው» ይላሉ። አይደለም። ጋዝ የማይፈልገው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ቶርቹ (የመበየጃው እጀታ) የማሽኑ ኔጋቲቭ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል፤ በጋዝ የሚሠራው ጠጣር ሽቦ ደግሞ ፖዘቲቭ ላይ። የጥቅልሉን ጽሑፍ አንብቡ።

«ሚግ አይነዝርም።» የቶርቹን ምላጭ ስትጫኑ ሽቦው፣ ጥቅልሉ፣ የሚስቡት ሮለሮችም ኤሌክትሪክ አላቸው። በላብ የራሰ ጓንት ደግሞ ጓንት አይባልም። ለውጡት።

«ግራውንዱ የትም ይታሰር።» ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ፣ ለሥራው ቅርብ ይታሰር። ባጃጅ ላይ ስትሠሩ የተሳሳተ ቦታ ካሰራችሁት ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ አልፎ ያበላሸዋል።

«ወተት ጭሱን ያወርዳል።» ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭስ ሳንባ። ጭሱ እንዲቀንስ ዚንክ የተቀባውን ብረት መጀመሪያ ፍቁት።

«ሽቦው ከተያዘ ሮለሩን አጥብቀው።» ሲጠብቅ ሽቦው ይጨፈለቃል፣ በሮለሩና በቶርቹ ኬብል መግቢያ መካከልም ይተበተባል። ቲፑ፣ ሽቦው የሚወጣበት ጫፍ፣ የሽቦው ልክ መሆኑን እዩ፣ የቶርቹን ኬብል ዘርጉት። ከዚያ ሮለሩን አላሉት፤ ጓንት አድርጋችሁ ቶርቹን ወደ ደረቅ እንጨት አቅርባችሁ ምላጩን ጫኑ። ሽቦው እንጨቱን ነክቶ እየተጠማዘዘ መውጣቱን እስኪቀጥል ድረስ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ኖዝሉን ወደ ፊቱ አዙሮ «መጣ?» እያለ ወደ ውስጥ የሚያይ ልጅ ካለ ግን፣ ማሽኑን አጥፉና ቶርቹን ከእጁ ተቀበሉት።