የሚከፋፍሉ የፖለቲካ ጉዳዮች በአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ

ባርነት፣ ጦርነት፣ የዘር መድልዎ፣ የመሬት ይዞታ ግጭት፦ ቤተ እምነቶች በእንዲህ ባሉ ጉዳዮች አቋም ሲይዙ ውጭ ያለው ሰው የሚያየው የመጨረሻውን መግለጫ ነው። መግለጫው ምን እንደሚል ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የስብሰባው ደንብ ነው። አጀንዳ የሚያስይዘው ማን ነው? ድምፅ የሚሰጠውስ? ስንት ድምፅ ይበቃል?

በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የመጨረሻው ቃል የጳጳሳት ሲኖዶስ ነው። በካቶሊክም ሥልጣኑ በአብዛኛው በጳጳሳት እጅ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በሮም በተካሄደው ሲኖዶስ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ መስጠታቸው ትልቅ ዜና ነበር። የአሜሪካው የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ደግሞ የአቋም መግለጫ ቢያጸድቅም አጥቢያዎቹን ማስገደድ አይችልም።

የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አሠራር ከፓርላማ ብዙም አይርቅም። ሐሳቡ ከአካባቢ ጉባኤዎች ይመነጫል፤ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ከዚያ ቀሳውስትና ሽማግሌዎች ለሚወከሉበት ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። የነገረ መለኮት ተማሪዎችና ወጣቶችም የምክር ድምፅ አላቸው፤ ውጤቱ ለጉባኤው ይታያል እንጂ ከቆጠራው አይገባም። በ2012 በፒትስበርግ የቀረበው ጥያቄ፣ ምርታቸው በእስራኤል በተያዙ የፍልስጤም ግዛቶች ይውላል የተባሉት የካተርፒላር፣ የሂውሌት ፓካርድና የሞቶሮላ ሶሉሽንስ ኩባንያዎች አክሲዮኖች ቤተ ክርስቲያኒቱ ትሽጥ የሚል ነበር። ኮሚቴው ደገፈው። በኮሚቴው ውስጥ በቁጥር ያነሱት ግን የራሳቸውን ሪፖርት ይዘው መጡ፤ አክሲዮን ከመሸጥ ይልቅ ሰላምን በሚያግዝ ልማት ላይ ገንዘብ እናውል አሉ። ምትክ ሐሳቡ በ333 ለ331 አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዲትሮይት ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣና በ310 ለ303 ጸደቀ። ልብ ሊባል የሚገባው ውሳኔው የተጻፈበት መንገድ ነው፦ የእስራኤልን የመኖር መብት ያረጋግጣል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ እስራኤልን ለማግለል ከሚደረገው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጋር እንደወገነች ተደርጎ እንዳይተረጎምም ያሳስባል። ያቺን የሰባት ድምፅ ብልጫ ያስገኙት እነዚህ ማለዘቢያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጠባብ ብልጫን የምትከላከለው ጳጳሳትን፣ ካህናትንና ምእመናንን በሦስት ቤት ለይታ ድምፅ በማሰጠት ነው። ከባድ ለውጥ በየቤቱ ሁለት ሦስተኛ ማግኘት አለበት። በ2012 የሴቶች ጵጵስና በጳጳሳት ቤት 44 ለ3፣ በካህናት ቤት 148 ለ45 አግኝቶ፣ በምእመናን ቤት ግን 132 ለ74 ሆነና በስድስት ድምፅ ጉድለት ወደቀ። ያለፈው በ2014 ነው።

በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሶቹ ሁልጊዜ በቁጥር እንበለጣለን ብለው ቅሬታ ስላበዙ፣ ምክር ቤቱ ከ2006ቱ የፖርቶ አሌግሬ ጉባኤ ጀምሮ በጋራ ስምምነት መወሰንን ይመርጣል። ተወካዩ ሐሳቡ ደስ ካሰኘው ብርቱካናማ ካርድ፣ ካልተዋጠለት ሰማያዊ ያነሣል። ሰብሳቢው አዳራሹን በዐይኑ ቃኝቶ ውይይቱ ይቀጥል ወይም ይብቃ ይላል፤ ያልተስማማም ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት መጠየቅ ይችላል።

ኩዌከሮች የሚባሉት የክርስቲያን ማኅበር አባላት ጭራሽ ድምፅ አይሰጡም። በጸጥታ መካከል እየተነሡ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ጉባኤው ወዴት እንዳዘነበለ አድምጦ ይመዘግባል፤ ካልተግባቡ ነገሩ በይደር ይቆያል። በ1688 በፔንሲልቬንያ ጀርመንታውን አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ አቀረቡ። ወርኃዊው ጉባኤ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ለሩብ ዓመቱ ጉባኤ አሳለፈው፤ ያም ለዓመታዊው ላከው፤ እዚያው ተቀመጠ። የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ አልለቅም ያለ አባል እንዲሰናበት የወሰነው በ1776፣ ከ88 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ውሳኔ የፊላደልፊያው ጉባኤ አልተሰነጠቀም፤ የመዘግየቱን ዕዳ የከፈሉት ግን በስብሰባው ያልነበሩት ባሪያዎቹ ናቸው። የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በ1844 በድምፅ ብልጫ፣ ባሪያዎች የነበሯቸው ጳጳስ ጄምስ አንድሩ ከሥራቸው እንዲታቀቡ ወሰኑ። በዓመቱ የደቡብ አጥቢያዎች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ ሁለቱ ወገኖች እንደገና የተዋሐዱት በ1939 ነው።