አፍ ከመፍታት በፊት፦ ስለ ቋንቋ ድምፆች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እስቲ አንድ ነገር ልሞክርባችሁ። «ዝለድ» የሚል ትእዛዝ አለ እንበል። አትፈልጉት፣ አሁን የፈጠርኩት ነው። ለሴት ሲሆን ምን ትላላችሁ? «ዝለጂ» ካላችሁ የመጀመሪያውን ስህተት ራሳችሁ አረማችሁት።

«የድምፅ ሕግ የሚገኘው ከሰዋስው መጽሐፍ ነው።»

ክፈት፣ ክፈቺ። ልበስ፣ ልበሺ። ምረጥ፣ ምረጪ። የሴቷ «ኢ» ስትመጣ ት ወደ ች፣ ስ ወደ ሽ፣ ጥ ወደ ጭ ይዞራል። ሕጉን አስረዳ ቢባል ብዙው ሰው ግራ ይገባዋል፤ አፉ ግን አይስትም። ሰምታችሁት የማታውቁትን ቃል ያረባችሁት ቃል ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም ስለያዛችሁ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን በፈጠራ ቃላት የፈተነችው በዚሁ ብልሃት ነበር። ብዙዎቹ «ዋግ» ለሚባል ምናባዊ ፍጥረት «ዋግዝ» የሚል ብዙ ቁጥር አበጁለት።

«ሕፃን አፉን እስኪፈታ አይማርም።»

ይማራል፣ ያውም ዝም ብሎ። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የ8 ወር ሕፃናት ፋታ የሌለው፣ ትርጉም አልባ የክፍለ ቃላት ጅረት ለ2 ደቂቃ ብቻ ሰሙ። የትኛው ክፍለ ቃል የትኛውን አዘውትሮ እንደሚከተል ግን ለይተው ነበር። የቃል ድንበር የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ስንናገር በቃላት መሃል ክፍተት ያለ ይመስለናል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

«ቪዲዮ ከከፈትንለት ይበቃዋል።»

በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት፣ ቻይንኛን ከሰው ፊት ለፊት የሰሙ የአሜሪካ ሕፃናት ድምፆቹን ለዩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን መለየቱን አልተማሩም።

«ትልቅ ሰው ጆሮው ተዘግቷል።»

ይከብደዋል፣ እውነት ነው። ጃፓንኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛን «ር» እና «ል» መለየት ይቸግራቸዋል። ግን ብዙ ሰዎች ሲናገሩ እየሰሙ ሲለማመዱ ይሻሻላሉ። የአንድ አስተማሪን ድምፅ ብቻ መስማት በቂ አይመስለኝም።

«ልጁ ማለት ካልቻለ ልዩነቱንም አይሰማም።»

ይቺን በጣም እወዳታለሁ። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ የፕላስቲክ ዓሣውን «ፊሽ» ለማለት «ፊስ» ይላል። አዋቂው አስመስሎት «ይሄ ፊስህ ነው?» አለው። ልጁ «አይደለም፣ የኔ ፊስ!» ብሎ ድርቅ አለ። «እሺ፣ ፊሽህ ነው?» ሲባል ደስ አለው።

«አዎ፣ የኔ ፊስ።»