ከገለባ ኬሚካል የሚያወጡ ባክቴሪያዎች

ከእህል ገለባ፣ ከበቆሎ አገዳ ወይም ከእንጨት ተረፈ ምርት ነዳጅና የፋብሪካ ኬሚካል ለማውጣት ዘረ መላቸው የተቀየረ ባክቴሪያዎችን መጠቀም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ወዲህ ያደገ የባዮቴክኖሎጂ ዘርፍ ነው። የዕፅዋት አካል በአብዛኛው ስኳር ነው፤ ባክቴሪያ ስኳር በልቶ ሌላ ነገር ያስወጣል፤ ምን እንደሚያስወጣ ደግሞ ዘረ መሉን በመቀየር መወሰን ይቻላል።

ስኳሩ ግን በቀላሉ አይገኝም። የደረቀ ገለባ በዋናነት ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ነው። ሴሉሎስ ሲፈርስ ግሉኮስ ይሆናል። ከሄሚሴሉሎስ በብዛት የሚወጣው ዛይሎስ ነው፤ የዳቦና የቢራ እርሾ ይህን ስኳር አያብላላውም። ሊግኒን ከናካቴው ስኳር አይደለም፤ ሁለቱን አጣብቆ የሚይዝ ጠንካራ ነገር ነው። ስለዚህ በእርሾ ብቻ የሚሠራ ሰው ከገለባው ብዙውን ይጥላል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሎኒ ኢንግራምና ባልደረቦቹ በአንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ መረጡ። ኢ. ኮላይ ዛይሎስን ይበላል፤ የሚያስወጣው ግን በአመዛኙ የአሲድ ድብልቅ ነው። ዛይሞሞናስ ሞቢሊስ፣ ሜክሲኮዎች ፑልኬ በሚሉት መጠጥ ውስጥ የምትገኘው ባክቴሪያ፣ ኢታኖል፣ ማለትም ለነዳጅ የሚሆን አልኮል፣ በማውጣት የታወቀች ናት፤ ዛይሎስን ግን አትነካም። ተመራማሪዎቹ ኢታኖል የሚሠሩትን ሁለት ኢንዛይሞች ዘረ መል ከእሷ ወስደው ለኢ. ኮላይ ሰጡት። የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ማርች 19 ቀን 1991 ቁጥር 5,000,000 አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ ሥራ ነው። በ1995 የኮሎራዶ ተመራማሪዎች መንገዱን ገልብጠው አራት የኢ. ኮላይ ዘረ መሎችን ለዛይሞሞናስ በመስጠት ዛይሎስ እንድትበላ አደረጓት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ከዘረ መል ይልቅ ከገለባው ነው። ገለባው በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድና በእንፋሎት ይቀቀላል። ቅቀላው ካነሰ ሴሉሎሱን ወደ ግሉኮስ የሚያፈርሱት ኢንዛይሞች አያገኙትም። ከበዛ ደግሞ ዛይሎሱ ራሱ ፈርሶ ፈርፈራል ይሆናል፤ ከሄሚሴሉሎስ የሚለቀቀው አሴቲክ አሲድም ይጨመርበታል። ሁለቱም ለባክቴሪያዎቹ መርዝ ናቸው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ኢ. ኮላይ ግሉኮስ እያለ ዛይሎስን ዞር ብሎ አያይም፤ ይህን ልማድ ማስጣልም ሌላ የዘረ መል ሥራ ጠይቋል።

በገበያ የተሳካላቸው ምርቶች ይህን ጣጣ የዘለሉት ናቸው። ዱፖንትና ቴት ኤንድ ላይል የተባሉ ኩባንያዎች በ2006 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ሉደን ከተማ በከፈቱት ፋብሪካ ኢ. ኮላይ ፕሮፔንዳዮል ያመርታል፤ ከእሱም የምንጣፍና የልብስ ክር ይሠራል። የጄኖማቲካ ኩባንያ ኢ. ኮላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ተፈጥሯዊ ሕይወት እንደሚሠራው የማይታወቀውን ቡቴንዳዮል የተባለ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ያመርታል፤ በዚህ ቴክኖሎጂ ኖቫሞንት የተባለ ኩባንያ በ2016 በሰሜን ጣሊያን በዓመት 30,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ከፍቷል። ሁለቱም ውጤት ሲወደስ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ፦ የሚመገቡት ከእህል ስታርች የወጣ ንጹሕ ስኳር እንጂ ገለባ አይደለም። የሚያወጡትም ከነዳጅ የሚወደድ ኬሚካል ነው። ሊግኒኑን ሹዶሞናስ ፑቲዳ በተባለ ባክቴሪያ ወደ ናይለን ጥሬ ዕቃ ለመቀየር የሚደረገው ሙከራ ገና በምርምር ላይ ነው።

በኢትዮጵያ በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል የሚወጣው ከሞላሰስ (ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) በእርሾ ነው፤ ዛይሎስ ያለበት ባጋስ፣ ማለትም የተጨመቀው የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት፣ ለቦይለር ማገዶ ይሆናል።

ገለባውን ራሱን በትልቅ ደረጃ ከሞከሩት አንዱ ዱፖንት ነበር። በ2015 በአዮዋ ግዛት ኔቫዳ በምትባል ከተማ፣ ዘረ መሏ በተቀየረ ዛይሞሞናስ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን ኢታኖል እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ አስመረቀ። የበቆሎ አገዳውን ከአካባቢው ገበሬዎች ሰብስቦ፣ አጓጉዞና ከዝናብ ጠብቆ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት ብቻውን ከባድ ሥራ ነበር። ኩባንያው በ2017 ከዘርፉ እንደሚወጣ አሳወቀ። ፋብሪካውን በ2018 የገዛው የጀርመኑ ቨርቢዮ ያንኑ የበቆሎ አገዳ ወደ ሚቴን ጋዝ ለመቀየር መረጠ፤ ይህን ሥራ ደግሞ ዘረ መላቸው ያልተነካ፣ በየባዮጋዝ ጉድጓዱ የሚገኙ ተሐዋስያን ይሠሩታል።