«ይህን ከዚህ ውሰዱ»

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።

ባለፈው ሳምንት የልጄን የክርስትና ካርድ ፈለግሁ። ሁለት ቀን ሙሉ። ብፌው ውስጥ የለም፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ የለም፣ አልጋ ሥር ከገቡት ካርቶኖች ውስጥም የለም። ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦ ሦስት የፔርሙዝ ክዳን (ፔርሙዞቹ ከተሰበሩ ቆይተዋል)፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማንም የማይለብሰው በማዳበሪያ የታሰረ ልብስ፣ በፌስታል የተጠቀጠቀ ፌስታል። ካርዱ በመጨረሻ የተገኘው ከሥዕለ አድኅኖው ሥር፣ ከአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው።

እዚያ ላይ ደነገጥሁ። የጫማ ካርቶን የጸሎት ቦታችን ላይ ምን ይሠራል?

ያቺን ጥግ መጀመሪያ ስናበጃት መጋረጃ፣ ሥዕል፣ ጧፍና ዳዊት ብቻ ነበሩባት። ከዚያ የመብራት ቢል መጣ። ቻርጀር መጣ። ያልታጠፈ ልብስ «ለጊዜው» ተብሎ ተቀመጠና በዚያው ቀረ። ማታ ለጸሎት ስነሣ መጀመሪያ ዕቃውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ነው የምቆመው፣ እሱም ልማድ ሆኖብኝ አላየውም ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ መግፋቱ ራሱ ሰልችቶኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ አማትቤ ተኝቻለሁ።

ይህ የሆነው ደግሞ በምኩራብ ሳምንት ነው። የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ፣ «እስመ ቅንዐተ ቤትከ በልዐኒ» (የቤትህ ቅናት በላኝ) የሚሰበክበት፣ ጌታ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የሚነበብበት። ሁላችንም ከዚህ ታሪክ የምናስታውሰው ጅራፉንና የተገለበጠውን ገበታ ነው። ዘንድሮ እኔን የያዘኝ ግን ጌታ ለርግብ ሻጮቹ የተናገረው ነው፦ «ይህን ከዚህ ውሰዱ»።

ርግቧ ምን አጠፋች? በግ መግዛት ያቃታት እናት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች እንድታቀርብ ኦሪት ይፈቅድላታል (ዘሌ 12፥8)። ዮሴፍና እመቤታችን ሕፃኑን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡም የቀረበው ይኸው የድኻ መሥዋዕት ነው። በሬውም በጉም ለመሥዋዕት የመጡ ናቸው። ገንዘብ ለዋጩም ቢሆን የቤተ መቅደሱ ግብር የሚከፈልበትን ገንዘብ ለመንገደኛው ይመነዝርለታል። ማጭበርበሩ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ፣ ዕቃዎቹ በራሳቸው ክፉ አልነበሩም፤ እያንዳንዱን ብትጠይቁት «አስፈልጋለሁ» ይላችኋል። ግን ያለ ቦታቸው ገቡና የጸሎቱን ቤት ገበያ አደረጉት።

የእኛም ቤት እንዲህ ነው። ቤታችንን የሞላው ኃጢአት የሆነ ዕቃ አይደለም። «ያስፈልግ ይሆናል» ነው የሞላው።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ዕቃ ማስቀመጥ ኃጢአት ነው አልልም። እናቶቻችን ጠርሙስና ቆርቆሮ እየሰበሰቡ የሚያስቀምጡት ክፉ ቀን ስላዩ ነው፤ የ77ን ረኃብ ያየ ሰው ባዶ ቆርቆሮ ሲጣል ዝም ብሎ ማየት ቢያቅተው አልፈርድበትም። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍም በግብፅ ሰባት ዓመት እህል አከማችቷል። መናውን ተመልከቱ፦ በአዘቦቱ ቀን ለነገ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፣ ለሰንበት ያሳደሩት ግን አልሸተተም (ዘፀ 16)። ያው መና ነው፣ ያው ማሳደር ነው። አንዱ በትእዛዝ ተቀመጠ፣ ሌላው ነገ እግዚአብሔር አይሰጠኝ ይሆናል በሚል ፍርሃት። እኔ የቁም ሣጥኔን በር ስከፍት አብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

በሉቃስ 12 ያለውን ባለጠጋ ታስታውሱታላችሁ። እርሻው እጅግ ፍሬያማ ሆነለትና ምን ላድርግ ብሎ አሰበ። ሐሳቡም ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ ነው። እኛ ደግሞ ባለ ሦስት በሩ ቁም ሣጥን ሲሞላ ባለ አራት በር እናሠራለን፣ እሱ ሲሞላ ሥሩ መሳቢያ ያለው አልጋ እንገዛለን። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት ይህን ቃል ሲያስተምር ነገሩን አላለሳለሰውም፦ ያስቀመጥከው እንጀራ የተራበው ነው፣ በሣጥንህ የቆለፍህበት ልብስ የታረዘው ነው ይላል። «ብትሰጠው ጥሩ ነው» አላለም። የእሱ ነው አለ። ይህን ካሰብሁ ወዲህ በማዳበሪያ ያሰርሁትን ልብስ ሳይ የሰው ዕቃ ደብቄ የያዝሁ ያህል ይሰማኛል።

ታዲያ እንስጥ ስንል የምንሰጠው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ ቆሻሻው ያልለቀቀ ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማ ግራው ብቻ፣ ሁሉንም በፌስታል ጠቅልለን «ለነዳያን» እንላለን። በሚልክያስ ዘመን ዕውርና አንካሳ እንስሳ እያመጡ ሲሠዉ እግዚአብሔር እስቲ ለአለቃህ አቅርበው፣ በአንተ ደስ ይለዋልን ብሎ ጠየቃቸው (ሚል 1፥8)። የማይሆነው ልብስ መወልወያ ይሁን። የምትሰጡትን እጠቡት፣ ቁልፉን ትከሉ፣ ተኩሱት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ያለችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እሷ በእጇ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው፤ የተረፋትን አይደለም።

ስለ ልዋጭም አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ሰዎቹ ሠርተው አዳሪ ናቸው፣ ክፋት የለበትም። ግን እኔ አምስት ልብስ ሰጥቼ አንድ ሳፋ ተቀብዬ «ቤቴን አቃለልሁ» ብዬ ነበር። አሁን አራት ሳፋ አለኝ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የተቀደሰው ዕቃ ነው። እስቲ ቤታችሁን እዩት፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ያለ ጸበል ስንት ነው? እኛ ጋ ሰባት ተገኘ። የትኛው የየት ደብር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እምነት (የተባረከው አመድ) በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሽፋኑ የተቀደደ ውዳሴ ማርያም፣ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የስድስት ዓመት የግድግዳ ካላንደር። መጣል እንፈራለን፣ መፍራታችንም ልክ ነው፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም። ግን ማቀዝቀዣ ጀርባ አቧራ ማልበስስ ክብር ነው ወይ? ሰብስባችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱትና አባቶችን ጠይቁ፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ጸበሉን ደግሞ ስትቀዱት ለመጠጣት አልነበረም እንዴ? ጠጡት እንጂ!

የባላችሁን፣ የሚስታችሁን፣ የልጆቻችሁን ዕቃ ግን ሳትጠይቁ እንዳትነኩ። የሌላ ሰው ንብረት ሰጥቶ ጽድቅ የለም። እኔ የባለቤቴን አሮጌ ሬዲዮ ለቆራሌው ሰጥቼ ቤቱን አጸዳሁ ስል የቤቱን ሰላም አጣሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሁሉም ዕቃ ይውጣ ማለትም አይደለም። የእናቴ ነጠላ አለ፣ በፋሲካ የምትለብሰው። አልሰጠሁትም፣ አልሰጠውምም። አጥቤ አጣጥፌ በቦታው አስቀመጥሁት። ያኔ በሁለት ጃኬት መሐል ተጨማድዶ ሳገኘው ግን አፈርሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ቤት ሲያጸዳ እፎይ ይላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በወሩ ያው ይሆናል። ጌታ በማቴዎስ 12 ስለ አንድ የተጠረገ ቤት ተናግሯል። ክፉው መንፈስ ከሰውየው ወጥቶ ዞሮ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ፣ አጊጦ፣ ግን ባዶ ሆኖ አገኘው። ከእሱ የከፉ ሰባት ይዞ ገባ። ምሳሌው የሚናገረው ስለ ሰው ነፍስ እንጂ ስለ ሳሎን አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን መጥረግ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ የለም። የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ባለቤት ይፈልጋል። ካልሰጣችሁት ገበያው ይሰጠዋል፤ ሰሞኑን ስልካችን ላይ የሚመጣውን «ታላቅ ቅናሽ» አይታችኋል።

እኛ ቤት ለተለቀቀው ቦታ ማን እንደሚገባ የገባኝ በአንድ አሳፋሪ ነገር ነው። የጽዋ ማኅበር አለን፣ በየወሩ በተራ የምናወጣ። ባለፈው ዓመት ተራዬ ሲደርስ «አመመኝ» ብዬ ለሌላ እህት አሳለፍሁ። አላመመኝም። ሶፋው በዕቃ ተይዞ ነበር፣ የሚቀመጡበት ስለሌለ አፍሬ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ እንግዳ በማክበር ሥላሴን የተቀበለ አብርሃም አባቴ ነው እያልሁ፣ ለማይሠራ ምጣድ ቦታ ሰጥቼ የጽዋውን ሙሴ (የማኅበሩን መሪ) እና የሰፈሬን እናቶች ከደጅ መለስሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የተቆጡኝ ስለ ውሸቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። «የማን ቦታ ላይ ነው ዕቃ የቆለልሽው?» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ ከጸሎት ቦታዋ ጀመርሁ። በዚህ ጾም በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ፣ ከመብላቴ በፊት፣ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ ካርቶን ብቻ እከፍታለሁ። ከዚያ በላይ አልሞክርም፤ አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግፌ ማታ መልሼ የጠቀጠቅሁበትን ቀን አልረሳውም። እያንዳንዱን ዕቃ አንሥቼ ቦታህ እዚህ ነው ወይ እለዋለሁ። ካልሆነ ያው ቃሉ አለ፣ «ይህን ከዚህ ውሰዱ»።

ከፋሲካ በኋላ ጽዋው እኔ ጋ ነው። ጥግዋ ጸድታለች፣ ዳዊቱም ጧፉም ቦታቸው ላይ ናቸው። ሶፋው ላይ ግን ገና ሁለት ካርቶን ይቀራል፤ አንዱ የሳፋ ነው።