የጭን ሽጉጥ ማህደር፦ ከየት መጣ፣ እንዴትስ ይመረጣል?

የጭን ማህደር ከወገብ ቀበቶ ወደ ታች ወርዶ ጭን ላይ የሚታሰር የሽጉጥ መያዣ ነው። ሽጉጡ የሚገባበት ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በብሎን ይታሰራል። ሰሌዳውን ከላይ ቀበቶው ይሸከመዋል፤ ከጎን ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የጭን ማሰሪያ ያቅፈዋል። የሚታጠቁት በአብዛኛው ልዩ ኃይሎች፣ ወታደሮችና ከባድ ጥበቃ ላይ የተመደቡ ሰዎች ናቸው። በአገራችንም በሰልፍና በአጀብ ጊዜ ጭናቸው ላይ ያሰሩ የጥበቃ አባላት ይታያሉ። ሲያዩት ያምራል። ብዙ ሰው የሚገዛውም ስለሚያምር ነው። የተፈለሰፈው ግን ለሌላ ነገር ነው፤ ወገብ ላይ ቦታ ሲጠፋ ሽጉጡ የት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆን። ወገቡ ላይ ቦታ ያለው ሰው ጭኑን ባይነካ ይሻለዋል።

ከታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያው አዋጅ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረስ ጀርባ እስከ ሆሊውድ

የአሜሪካ ጦር በ1912 ለፈረሰኞቹ ያወጣው የቆዳ ማህደር ከቀበቶው በታች በማዞሪያ ይንጠለጠል ነበር። ታችኛው ጫፍ ጭን ላይ በጠፍር ይታሰራል። ፈረሱ ሲጋልብ ሽጉጡ እንዳይዘል ነው። በ1916 የወጣው ተከታዩ ሞዴልም ጫፉ ላይ ጭን ላይ የምትታሰር የቆዳ ክር ነበረችው። ፈረሱ ከጦሩ ሲወጣ ነገሩም ተረሳ።

የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ግን ይህን ታሪክ ላይቀበል ይችላል። እዚያ ሁሉም ሽጉጡን ጭኑ ድረስ አውርዶ ነው የሚታጠቀው። ይህ በአብዛኛው የሆሊውድ ሥራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በቀሩት ፎቶግራፎች ላይ የምዕራብ አሜሪካ ሰዎች ማህደር ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ወገብ ላይ ነው ያለው።

ለንደን፣ 1980

ዛሬ የምናውቀው የጭን ማህደር ለዓለም የታየበት ቀን አለ ከተባለ ሜይ 5 ቀን 1980 ነው። ኤፕሪል 30 ላይ ስድስት ታጣቂዎች ለንደን ፕሪንስስ ጌት የሚገኘውን የኢራን ኤምባሲ ወረሩ። 26 ሰዎች አገቱ። በስድስተኛው ቀን አንድ ታጋች ገድለው አስከሬኑን ከበር ወደ ውጭ ጣሉት። ያኔ የብሪታንያ ልዩ ጦር ኤስ.ኤ.ኤስ ትእዛዝ ደረሰው። በጣሪያ፣ በሰገነትና በጓሮ ገባ። 17 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከታጣቂዎቹ አምስቱ ሞቱ፤ አንዱ ተያዘ። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር።

ተመልካቹ ያየው ጥቁር የለበሱ፣ የጋዝ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎችን ነው። ዋናው መሣሪያቸው ኤም.ፒ.5 የተባለ አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር፣ 13 ጥይት የሚይዝ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ። ሽጉጡ ዝቅ ብሎ ጭን ላይ በቆዳ ማህደር ታስሯል። ለምን ጭን ላይ? ደረታቸውና ሆዳቸው ጥይት በሚከላከል ወፍራም ሰደርያ ተሸፍኗል። ቀበቶው ላይ የፈንጂ ቦርሳ አለ። እጅ ወገብ ላይ ቢወርድ የሚያገኘው ሰደርያውን ነው። ኤም.ፒ.5ቱ ቢነክስ፣ ማለትም አልተኩስ ቢል፣ ግን ሽጉጡ ወዲያው መገኘት አለበት። እዚያው ኤምባሲ ውስጥ የአንዱ ወታደር መሣሪያ ነክሶበት፣ ብራውኒንጉን መዝዞ እንደጨረሰ የታሪኩ ጸሐፊዎች ያወራሉ።

የዚያ ቀን ሌላ ሽጉጥም ነበር፤ ለርዕሳችን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ይመስለኛል። ከታጋቾቹ አንዱ ትሬቨር ሎክ የተባለ ፖሊስ ነበር። የተያዘው ኤምባሲው በር ላይ ጥበቃ ላይ ሳለ ነው። ካፖርቱ ሥር .38 ሪቮልቨር ታጥቋል። አጋቾቹ አላገኙበትም። ስድስት ቀን ሙሉ ካፖርቱን አላወልቅም አለ። ሽንት ቤት ሲገባ እንዳይታይበት ከምግብ ራቀ። ኤስ.ኤ.ኤስ ሲገባ የአጋቾቹን መሪ ታግሎ የያዘው እሱ ነው።

የሎክ ሽጉጥ የተረፈው ስላልታየ ነው። ጭን ላይ የታሰረ ሽጉጥ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከሩቅ ይታያል፤ ለሌላ ሰው እጅም ቅርብ ነው። ስለዚህ ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ አጥብቆ የሚይዝ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ከለንደን በኋላ የአሜሪካ ፖሊስ ልዩ ቡድኖች ነገሩን በናይለን እያሰፉ ወሰዱት።

የቢል ሮጀርስ ፈተና

ስለ አስተማማኝ ማህደር የሚያወራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አንድ ሰው ጋ ነው። ቢል ሮጀርስ የቀድሞ የኤፍ.ቢ.አይ ባልደረባ ነው። በ1970ዎቹ ካይዴክስ የተባለውን ፕላስቲክ እያሞቀ በሽጉጥ ቅርጽ ማህደር መሥራት ጀመረ። ካይዴክስ መጀመሪያ ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል የታሰበ ዕቃ ነው። ላብ አይጠጣም፤ ቅርጹንም አይለቅም። ኋላ የሮጀርስ ድርጅት ሳፋሪላንድ የተባለው ማህደር ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ገባ። ሳፋሪላንድን ኒል ፐርኪንስ በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረተው። ስሙን ያወጣለት ከአባቱ ጋር አፍሪካ ባደረገው የአደን ጉዞ ነው፤ እኛም በዚህ በኩል ትንሽ ድርሻ አለን ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካን ፖሊስ ያስጨነቀው በገዛ ሽጉጡ የሚገደል ባልደረባ ነበር። ተጠርጣሪው ይታገላል፣ ሽጉጡን ይነጥቃል፣ ይተኩሳል። ሮጀርስ ለዚህ ፈተና አወጣ። አንድ ሰው ማህደሩን ይታጠቃል። ሽጉጡ ባዶ ነው። ሌላው እጀታውን ብቻ ይዞ በፈለገው አቅጣጫ፣ ባለው ጉልበት፣ ለ5 ሰከንድ ይጎትታል። ማህደሩ ካልተገነጠለ፣ ሽጉጡም ካልወጣ፣ አንደኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ከዚያ የመጀመሪያው ቁልፍ ይፈታና ጉተናው ለሌላ 5 ሰከንድ ይደገማል። ይህንንም ካለፈ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሦስተኛውም በዚሁ መንገድ ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማህደሩ የበለጠ አስተማማኝ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሙያ የሮጀርስን ያህል የለፋ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክፋቱ፣ ፈተናውን የሚያስገድድ ገለልተኛ አካል የለም። ሌሎች ፋብሪካዎች ደረጃ የሚለውን ቃል ወስደው ፈተናውን ትተውታል። ብዙዎቹ የሚቆጥሩት ቁልፍ ነው። ሁለት ቁልፍ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ብለው ይለጥፉበታል። ሳጥኑ ላይ ሦስተኛ ደረጃ የሚል ርካሽ ማህደር ስታዩ፣ ማን ጎተተው ብላችሁ ጠይቁ።

ቁልፎቹ እንዴት ይሠራሉ?

የሳፋሪላንድ ሁለት ቁልፎች ገበያውን ይመራሉ። አንደኛው ከሽጉጡ ኋላ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ነው። አውራ ጣት ወደ ታች ይጫነውና ወደ ፊት ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ከውስጥ የተደበቀ ነው፤ ሽጉጡ ሲገባ ቀለህ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይዞ በራሱ ይቆልፋል። የሚከፈተው አውራ ጣት በሰውነት በኩል ያለችውን ትንሽ ምላስ ወደ ኋላ ሲጎትታት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ያሉበት ሞዴል አለ። እጅ እጀታውን ሲጨብጥ አውራ ጣት ተፈጥሮዋ እዚያው ስለሆነ፣ ልምምድ ላደረገ ሰው መክፈቻው ከመምዘዙ ጋር አንድ እንቅስቃሴ ነው።

ሌላው መንገድ በሌባ ጣት የሚከፈት ነው። በዚህ የታወቀው ብላክሆክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሰርፓ የሚባል ማህደር ነው። የአሜሪካ ወታደሮች በኢራቅና በአፍጋኒስታን በብዛት ታጥቀውታል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ሌባ ጣት ከውጭ በኩል ያለውን ቁልፍ ስትጫን፣ ሽጉጡ በዚያው ቅጽበት ይወጣል። ጣቷ አሁንም እየተጫነች ከሆነ ቀጥታ ምላጭ ላይ ልትገባ ትችላለች። የራሳቸውን እግር የመቱ ሰዎች ስላሉ፣ በርካታ የተኩስ ማሠልጠኛዎች ከበራቸው እንዳይገባ ከልክለዋል። ደጋፊዎቹ ጥፋቱ የሥልጠና ነው ይላሉ፤ ጣት ቀጥ ብሎ በጠፍጣፋው በኩል መጫን አለበት፣ በጥፍር ጫፍ መቆፈር የለበትም ነው መከራከሪያቸው። ሊሆን ይችላል። ግን በአውራ ጣት የሚከፈት እያለ ይህን ምን አስመረጠ? ጠጠር ገብቶበት አልከፈት ያለ ሰርፓም ታይቷል።

በቬልክሮ ወይም በአንድ የጠፍር ቁልፍ ብቻ የሚዘጋ የናይለን ማህደር ሽጉጡን ከመውደቅ ያድነዋል። ከነጣቂ አያድነውም።

ምርጫው ላይ ስንደርስ

መጀመሪያ ሽጉጡ። ማህደሩ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። ለሁሉም ይሆናል የሚባለውን ተዉት። ቁልፉ የሚይዘው የሽጉጡን አንድ የተወሰነ ቦታ ነው፤ ቦታው በሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ወይ አይቆልፍም ወይ አይከፍትም። ሽጉጡ ላይ የሚያበራ ባትሪ (መብራት) ካለ ነገሩ ይብሳል። ባትሪ ለገጠመ ሽጉጥ ማህደሩም ከእነ ባትሪው ዓይነት ታስቦ ይገዛል። ባትሪ ለማስገባት ሰፊ የሆነ አፍ ምላጩ ጋ ጣት ወይም የጃኬት ገመድ የሚያስገባ ክፍተት እንዳይተው አይታችሁ ግዙ። ምላጩ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሙ የጭን ማህደር ስለሆነ ጉልበት ድረስ ያወርዱታል። ግሎክ 17 የተባለው ሽጉጥ ጥይት ሞልቶ ወደ 900 ግራም ይደርሳል። ይህ ክብደት ጉልበት አጠገብ ሲሰቀል ሰው ሲሮጥ እንደ ደወል ይወዛወዛል። ለመምዘዝም ትከሻ ማዘንበል ይጠይቃል። ትክክለኛው ቦታ ሰደርያው ካለቀበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ እጅ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል አንጓ ያለበት አካባቢ። ከፍ ባለ ቁጥር ክንድ ሊከላከለው ይችላል። ወገብ አጠገብ ያለን ሽጉጥ ሰው በክርኑ ጨፍልቆ ይይዘዋል። ጭን መሀል ያለውን ግን ክርን አይደርስበትም፤ ነጣቂው ነው የሚደርስበት።

ወታደሮቹም ይህን በሥራ ላይ ተምረውታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢራቅ ሲገቡ ጭን ላይ አውርደው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቹ ሰሌዳውን ቆርጠው ወይም ቀይረው ወደ ላይ መለሱት። ዛሬ ከቀበቶው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚወርድ፣ አንድ የጭን ማሰሪያ ያለው አጭር ሰሌዳ የበለጠ ይፈለጋል። በሌላ በኩል የወገብን ሸክም ለማቅለል የስዊድን ፖሊስ የጭን ማህደርን ከሰደርያ ጋር ሞክሯል። መኪና ውስጥ ለሚውል ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የመቀመጫው ቀበቶ ሽጉጡን አይሸፍነውም።

ማሰሪያው ላስቲክ ያለበት ይሁን። ጭን ሲቀመጡ ይወፍራል፣ ሲቆሙ ይቀጥናል፤ ደረቅ ናይለን ወይ ያፍናል ወይ ይላላል። ውስጡ የጎማ መስመር ካለው ሱሪ ላይ አይንሸራተትም። ዘለበቱ በጉተና እንዳይፈታ፣ ትርፍ ጫፉም ተጠቅልሎ እንዲታሰር ተመልከቱ። የመኪና በር ላይ የሚንጠለጠል ጫፍ ሰው ይጥላል። ወገብ ላይ ያለው ቀበቶም ጠንካራ መሆን አለበት። ለስላሳ የሱሪ ቀበቶ ላይ የተሰቀለ ውድ ማህደር ከእነ ሽጉጡ ይዞራል። ነጣቂው ቁልፉን መክፈት ቢያቅተው ሰሌዳውን ያዞረዋል፤ ስለዚህ ከላይ በሁለት ቦታ ቀበቶውን የሚይዝ ሰሌዳ በአንድ ቦታ ከሚይዘው ይበልጣል።

ከመታጠቃችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሞክሩት። ጥይቱን ከነካዝናው ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሽጉጡን ከፍታችሁ ጥይት የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ታጥቃችሁ ደረጃ ውጡ፣ ተንበርከኩ፣ ወለል ላይ ተኝታችሁ ተነሡ። ወዳጅ እጀታውን ይጎትትላችሁ፣ የሮጀርስን 5 ሰከንድ። ሽጉጡን ስትመልሱ ወደ ታች እዩ። ሸሚዝ ወይም የጃኬት ገመድ አብሮ የሚገባው ያኔ ነው፤ ለመመለስ የሚያስቸኩል ነገር የለም። በግራ እጅም መክፈት ሞክሩ። ቀኝ እጅ ቢጎዳስ?

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከርካሹ ገበያ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ቅርጹ አንድ ነው፤ ፕላስቲኩና ብሎኑ ግን አንድ አይደለም። ለጨዋታ ሽጉጥ የተሠራ ማህደር እውነተኛ ሽጉጥ አይሸከምም።

ሕጉና እንክብካቤው

ማህደር ፈቃድ አይተካም። በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አሜሪካ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሕጉ በየግዛቱ እንደሚለያይ ማወቅ አለበት። ቀጣሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱትን የማህደር ዓይነት በጽሑፍ ይወስናሉ። ከመግዛት በፊት እሱን መጠየቅ ገንዘብ ያተርፋል።

ብሎኖቹ በእርምጃ ብዛት ይላላሉ። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጎ ማጥበቅ፣ በየጊዜውም በብሎን መፍቻ መንካት ነው። ቅርፊቱን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይበቃል። ቁልፉ ላይ ዘይት አይደረግም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ሽጉጥ ያለበትን ካይዴክስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ከሁለት በኩል ጥፋት ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ሊጣመም ይችላል፣ ሌባ ደግሞ መስኮት ይሰብራል።